ከ275 ክፍሎች የተረፈች አንዲት ክፍል

በአገራችን ገጠር፣ መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ከአንድ ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ማለቱ የቆየ ወግ ነው። ባለቤቱም የሚያስተናግደው ባለው ነው፤ መደብ ካለው በመደብ፣ ቁርበት ካለው በቁርበት። እግሩን ያጥበዋል፤ ከተገኘው ያቀምሰዋል፤ እንግዳውም ጧት መርቆ መንገዱን ይቀጥላል። የመደቡን ከፍታ ወይም የኩራዙን አቀማመጥ ሊተች አይቃጣም። አልከፈለምና! ሆቴል የሚባለው ነገር የተፈጠረው ይህ ልመናና ልግስና በዋጋ የተተካ ዕለት ነው። ከዚያን ዕለት ወዲህ እንግዳ መጠየቅ ጀመረ፤ አስተናጋጅም ለጥያቄው መልስ ሲያዘጋጅ ይኖራል።

መጀመሪያ የተጠየቀው ንጹሕ አልጋ ነበር። ሴዛር ሪትዝ እ.ኤ.አ. በ1898 በስሙ የሚጠራውን ሆቴል ፓሪስ ላይ ሲከፍት፣ በየክፍሉ መታጠቢያ ቤት፣ ኤሌክትሪክና ስልክ ማስገባቱ ዓለምን አስደንቋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሃያኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ጥያቄ መጣ። ይኸውም «ያደርሁበት ክፍል የማን ሐሳብ ነው?» የሚል ነው። ወንበሩን ማን ነደፈው? መብራቱ ለምን እዚህ ተሰቀለ? የበሩ እጀታ ለምን መዳፌን ሞላው? ዛሬ በየታላላቁ ከተማ «የዲዛይን ሆቴል» ወይም «ቡቲክ ሆቴል» እየተባለ፣ ከአልጋው ይልቅ የአልጋውን ንድፍ የሚያከራይ ቤት የበዛው ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው።

የዚህን ዓይነቱን ቤት ታሪክ ወደ ኋላ እየተከተሉ የሄዱ ብዙዎች የሚደርሱት አንድ ሕንፃ ላይ ነው። ሕንፃው የሚገኘው በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን፣ ከባቡር ጣቢያውና ቲቮሊ ከሚባለው የመዝናኛ አትክልት ስፍራ አጠገብ ነው። በ1960 በሩን ሲከፍት 275 መኝታ ክፍሎች ነበሩት። ሁሉም በአንድ ሰው እጅ የተነደፉ ነበሩ። ዛሬ እንደ ጥንቱ ሆና የምትገኘው አንዲት ክፍል ብቻ ናት። ቁጥሯም 606 ነው። የቀሩት 274 ክፍሎች ምን ሆኑ? ይህችስ አንዲቷ እንዴት ተረፈች? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

አየር መንገድ ቤት ሲሠራ

ሆቴሉን ያሠራው የስካንዲኔቪያ አየር መንገድ፣ በአጭር ስሙ ሳስ ነው። ሳስ ዴንማርክ፣ ኖርዌይና ስዊድን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት፣ በ1946፣ በጋራ ያቋቋሙት ድርጅት ነው። በኖቬምበር 1954 ከኮፐንሃገን ተነሥቶ በሰሜን ዋልታ በኩል ሎስ አንጀለስ የሚያደርስ መደበኛ በረራ ሲጀምር፣ ትንሿ የዴንማርክ ዋና ከተማ ከአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ለሚመጣ መንገደኛ የአውሮፓ በር ሆነች። ጄት አውሮፕላንም እየደረሰ ነበር። ያ ሁሉ መንገደኛ ሲወርድ የት ያድራል?

የዘመኑ አየር መንገዶች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ተመሳሳይ ነበር። የአሜሪካው ፓን አም ኢንተርኮንቲኔንታል የተባለውን የሆቴል ኩባንያ ያቋቋመው በዚያው በ1946 ነው። ትኬት የሸጠ፣ አልጋም ይሸጣል ማለት ነው። ሳስም ከዚህ አልፎ ሄደ። በኮፐንሃገን መኻል ከተማ የሚሠራው ቤት ከታች የአየር መንገዱ ተርሚናል፣ ከላይ ሆቴል እንዲሆን ተወሰነ። መንገደኛው ሻንጣውን እዚያው ያስረክባል፤ ከዚያም በአውቶቡስ ወደ ካስትሩፕ አውሮፕላን ማረፊያ ይሄዳል። ቤቱ የአየር መንገዱ መስኮት ነበርና፣ የሰሜን አገሮችን መልክ ለዓለም ማሳየት ነበረበት። ሥራው ለአርኔ ያኮብሰን ተሰጠ።

የአንድ ሰው እጅ

ያኮብሰን በ1902 እዚያው ኮፐንሃገን ተወለደ። በልጅነቱ የተመኘው ሠዓሊ መሆንን ነበር፤ አባቱ ግን እንጀራ የሚወጣበት ሙያ ይሻልሃል ብለው ወደ ሥነ ሕንፃ መሩት። ግንበኝነት ተምሮ፣ ቀጥሎ ከንጉሣዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ገብቶ፣ በ1927 ተመረቀ። ገና ተማሪ ሳለ በ1925ቱ የፓሪስ ኤግዚቢሽን ያቀረበው ወንበር የብር ሜዳልያ አስገኝቶለታል። ይህ በኋላ የመጣውን ሁሉ አስቀድሞ የተናገረ ምልክት ነበር። ሰውየው ሕንፃ ሲያስብ ወንበሩን አይረሳም።

በ1943 ናዚዎች በያዟት ዴንማርክ አይሁዳውያንን ለማፈስ ዘመቻ ሊጀመር መሆኑ ሲሰማ፣ ሰባት ሺህ ያህል አይሁዳውያን በዓሣ አጥማጆችና በተራ ዜጎች ርዳታ ባሕሩን ተሻግረው ወደ ስዊድን አመለጡ። ያኮብሰን የአይሁድ ዘር ነበረውና እሱም ከባለቤቱ ጋር በትንሽ ጀልባ ተሻገረ። ስደተኛ አርክቴክት ሕንፃ አያሠሩትም። ስለዚህ ስዊድን በቆየባቸው ሁለት ዓመታት ዋና ሥራው የጨርቅና የግድግዳ ወረቀት ንድፍ ሆነ። የመስክ አበባ፣ ሣርና ቅጠል በውሃ ቀለም ይሥላል፤ ባለቤቱ የጨርቅ ኅትመት ባለሙያ ነበረችና ሥዕሉን ወደ ጨርቅ ትለውጠዋለች። ያ የስደት ዘመን ለሰውየው አንድ ነገር አስተማረው ብሎ መገመት ይቻላል። ቤት መሥራት ያልቻለ ሰው መጋረጃ መሥራት ይችላል፤ መጋረጃም የቤት አካል ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ሥራው ፈካ። በ1952 ለአንድ የመድኃኒት ፋብሪካ የሠራተኞች ምግብ ቤት የነደፋት ባለሦስት እግሯ ወንበር «ጉንዳን» የሚል ስም ወጣላት፤ ከታጠፈ ስስ ጣውላ የተሠራች፣ ወገቧ የጠበበ ናትና። ይህን ሁሉ ልምድ ይዞ ነው ያኮብሰን ከሳስ ጋር የተዋዋለው።

ከማንኪያ እስከ ጣሪያ

ግንባታው በ1956 ተጀምሮ በ1960 ተጠናቀቀ። ሕንፃው ሁለት ሣጥን ይመስላል። ዝቅ ብሎ የተንጋለለ አንድ ሣጥን፣ በላዩ ላይ 70 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የቆመ ሌላ ሣጥን። ግድግዳው የማይሸከም ግድግዳ ነው፤ የመስተዋትና የአሉሚኒየም መጋረጃ ከአጽሙ ላይ ተንጠልጥሏል። ኒው ዮርክ ውስጥ በ1952 የተሠራው ሌቨር ሐውስ የተባለ ሕንፃ አርአያ ሆኖታል። የቤተ ክርስቲያንና የቤተ መንግሥት ጉልላት ከጣሪያ በላይ ይታይባት በነበረችው ኮፐንሃገን ይህ የመጀመሪያው ሰማይ ጠቀስ ነበረና፣ የመስተዋት ሲጋራ ሣጥን እያሉ ያላገጡበት አልጠፉም።

የሕንፃው ውጪ ከአሜሪካ የተቀዳ ነው ቢባል ያስኬዳል። ውስጡ ግን ከማንም አልተቀዳም። ያኮብሰን የነደፈውን ብንቆጥር፤ ወንበር፣ ሶፋ፣ ጠረጴዛ፣ የጠረጴዛና የቁም መብራት፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ የበር እጀታ፣ የሲጋራ መተርኮሻ፣ ብርጭቆ፣ ሹካ፣ ቢላዋና ማንኪያ። በእንግዳ መቀበያው አዳራሽ ያለው ጥምዝ ደረጃ ከጣሪያው በስስ የብረት ዘንጎች ተንጠልጥሎ የተሠራ ነው። በክረምቱ የአትክልት ክፍል ደግሞ በሁለት ድርብ መስተዋቶች መኻል የኦርኪድ አበቦች ተሰቅለው ነበር። ስዊድን ተሰዶ ሳለ በወረቀት ላይ ይሥለው የነበረው ቅጠል እዚህ ሕይወት ዘርቶ ግድግዳ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው በ1958 የተነደፈው «እንቁላል» የሚባለው ወንበር ነው። የተሰበረ የእንቁላል ቅርፊት ይመስላል፤ ጀርባው ከፍ ብሎ በግራና በቀኝ ወደ ፊት ይታጠፋል። ለሥራው ያገለገለው ዘዴ በዚያን ጊዜ አዲስ ነበር። ሄንሪ ክላይን የተባለ ኖርዌያዊ ፈልሳፊ የፕላስቲክ አረፋን በቅርጽ ማውጫ ውስጥ አፍስሶ ጠንካራ ቅርፊት የሚያወጣበት መንገድ አገኘ፤ ፍሪትስ ሐንሰን የተባለው የዴንማርክ የዕቃ ፋብሪካም የመሥሪያውን መብት ገዛ። ከዚያ በኋላ ወንበር ማለት እግር፣ መቀመጫና መደገፊያ ተገጣጥሞ የሚሠራ መሆኑ ቀረ፤ እንደ ሸክላ ተድቦልቡሎ የሚወጣ ሆነ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምፈልገው የወንበሩን ውበት ሳይሆን የታሰበለትን ሰው ነው። የሆቴል መቀበያ አዳራሽ የማንም ያልሆነ ቦታ ነው። አገር የማያውቅ፣ ቋንቋው የሚለይ፣ ገና ከአውሮፕላን የወረደ ብቸኛ መንገደኛ፣ ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ በብዙ ሰው ዓይን ፊት ይቀመጣል። የእንቁላሉ ክንፎች ይህን ሰው ከግራና ከቀኝ ይጋርዱታል። ሰው ፊት ተቀምጦ ሳለ የራሱ ጥግ ይኖረዋል። ለዚህ ነው ወንበሩ ክብ የሆነው። ቀጥ ባለና በቀዘቀዘ ሕንፃ ውስጥ ሰውን የሚያቅፍ ነገር ያስፈልጋል። «ስዋን» በምትባለው የውሃ ወፍ የተሰየመችው ሌላዋ ወንበርም፣ «ጠብታ» የተባለችው ትንሿም፣ የምግብ አዳራሹ ባለረጅም ጀርባ «ቀጭኔ»ም ከዚሁ ሐሳብ የተወለዱ እኅትማማች ናቸው።

የመኝታ ክፍሎቹም እንዲሁ። ግድግዳቸው ዌንጌ በሚባል በመካከለኛው አፍሪካ በሚበቅል ጥቁር እንጨት ተለብጦ፣ ምንጣፉ፣ መጋረጃውና የወንበሩ ልብስ በሰማያዊና በአረንጓዴ መኻል በሚዋልል ቀለም ተስማምቶ የተሠራ ነበር። እንግዳው ከታች አውቶቡሱን ከሚጠብቅበት ሰዓት ጀምሮ መብራቱን አጥፍቶ እስከሚተኛ ድረስ የሚነካው ነገር ሁሉ ከአንድ ሰው አእምሮ የወጣ ነበር።

ለአንድ ሌሊት የሚጣፍጥ እስር

ይህ ጥሩ ነገር ነውን? ጥያቄው ከያኮብሰን በፊት ተነሥቶ ነበር። አዶልፍ ሎስ የተባለው የቪየና አርክቴክት በ1900 ስለ አንድ ድኻ ባለጸጋ የሚያወሳ ቀልደኛ ጽሑፍ አውጥቷል። ባለጸጋው ቤቱን ለአርክቴክት ሰጥቶ ሁሉም ነገር እስከ ነጠላ ጫማው ድረስ ይነደፍለታል። ከዚያ በኋላ ልጆቹ የልደት ስጦታ ሲያመጡለት አርክቴክቱ ይቆጣል፤ ቤቱ ሞልቷልና ምንም ነገር ሊጨመርበት አይችልም። ያ ሰው ቤቱ ሳለ ቤት የለውም።

የሎስ ስላቅ እውነት አለው። ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ የእናቱን መሶብ፣ የአያቱን ፎቶግራፍ፣ ከገበያ የገዛውን ያልተስማማ መጋረጃ ማኖር አለበት። ሁሉ ነገር የተነደፈበት ቤት ለነዋሪው እስር ቤት ነው። ሆቴል ግን ቤት አይደለም። እንግዳው የሚያመጣው አንድ ሻንጣ ነው፤ የሚቆየው አንድና ሁለት ሌሊት ነው። ለሃያ ዓመት የማይቻለው ነገር ለአንድ ሌሊት ይጣፍጣል። የሌላ ሰው ሐሳብ ውስጥ ገብቶ ማደር፣ ጧት ሒሳብ ከፍሎ መውጣት! የዲዛይን ሆቴል የሚባለው ነገር ሥረ ነገሩ ይኸው ነው። ያኮብሰን ሙሉ ንድፍ ከቤት ይልቅ ሆቴል ውስጥ የሚስማማ መሆኑን በተግባር አሳየ።

ነገር ግን ይኸው ምክንያት፣ ማለት የእንግዳው አለመቆየት፣ ሥራውን መልሶ በላው። ቤቱን የሚወድ ባለቤት ወንበሩ ሲነሣ ይጮኻል። እንግዳ ግን ለማን ይጮኻል? ዛሬ አድሮ ነገ ሄዷል። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ሲመጣ ወንበሩ ተለውጦ ቢያገኘው፣ ወይ አያስተውለውም፣ ወይም «አሳምረውታል» ብሎ ያልፋል። ሆቴል ከተሠራ ሕንፃ ሁሉ መርሳት ሥራው የሆነ ሕንፃ ነው። በየጧቱ አንሶላው ይለወጣል፤ ያደረው ሰው ጠረን እንኳ እንዳይቀር ይደረጋል። ይህን በየቀኑ የሚያደርግ ቤት በየአሥርና በየሃያ ዓመቱ ወንበሩንና መጋረጃውን እንዲሁ ቢያደርግ ምን ያስደንቃል?

በኮፐንሃገን የሆነውም ይኸው ነው። ጦርነት አልደረሰበትም፤ እሳት አልተነሣበትም። ምንጣፉ አለቀ፤ ተለወጠ። ቀለሙ ጊዜው አለፈበት ተባለ፤ ተቀባ። የእንጨቱ ልባጥ ተነሣ። የዕቃው ስምምነት አንድ በአንድ ሲፈታ፣ ግድግዳው ግን እንደ ቆመ ነበር። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሕንፃው ያው ሕንፃ ነው ይላል። አሁን ያ ሆቴል በራዲሰን ስም የሚተዳደር ነው፤ ከዚያ ቤት የወጡ የጥንት ወንበሮችም በጨረታ ቤቶች ውድ ዋጋ ያወጣሉ። ነገር ግን አንዲት ክፍል፣ ያችው 606፣ ከነሰማያዊ አረንጓዴ ቀለሟ፣ ከነልባጧ፣ ከነወንበሮቿ እንዳለች እንድትቆይ ተደረገ። የታሪክ ተመራማሪው ማይክል ሸሪዳን በ2003 ስለ ሕንፃው ያወጣው መጽሐፍ የተሰየመው በዚህችው ክፍል ቁጥር ነው። በ2018 ሆቴሉ እንደገና ሲታደስ፣ የያኮብሰን ወንበሮች ወደ ክፍሎቹ እንዲመለሱ ተደረገ። የተመለሱት ግን ወንበሮቹ ናቸው፤ አንድ የነበረው ሐሳብ አይደለም። ሙሉው ሐሳብ የሚታየው በ606 ብቻ ነው።

ከጭፈራ ቤት እስከ ቡቲክ

ሙሉው ሐሳብ ኮፐንሃገን ውስጥ እየተፈታ ሳለ፣ ቁርጥራጩ በሌላ አገር ነፍስ ዘራ። «ቡቲክ» የሚለው ቃል ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም፤ የተመረጠ ልብስ የሚሸጥባት ጠበብ ያለች ሱቅ ናት። ቃሉ ከሆቴል ጋር የተጣመረው ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። ስቲቭ ሩቤልና ኢያን ሽሬገር የተባሉ ጓደኛሞች በ1977 ስቱዲዮ 54 የተባለውን ጭፈራ ቤት ከፍተው ስማቸው ገነነ፤ ቀጥሎም ግብር በመሰወር ተፈርዶባቸው ታሰሩ። ከእስር ሲወጡ ፊታቸውን ወደ ሆቴል አዙረው፣ በ1984 በማዲሰን ጎዳና ሞርጋንስ የተባለውን ከፈቱ። ሩቤል ሌሎቹን ሆቴሎች ከትልልቅ የመደብር አዳራሾች፣ የራሳቸውን ደግሞ ከቡቲክ ጋር አነጻጽሮ በመናገሩ ስሙ እንደ ተያዘ ይነገራል። እርግጥ ነው፣ ከእነሱም በፊት አኑሽካ ሄምፕል ለንደን ላይ በ1978 ብሌክስን፣ ቢል ኪምፕተንም ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በ1981 ቤድፎርድን ይዘው ተነሥተው ነበር። ሦስቱም የሸጡት ትልቅነትን ሳይሆን መልክን ነው።

ሞርጋንስን የነደፈችው ፈረንሳዊቷ አንድሬ ፑትማን ናት። ገንዘቡ ጥቂት ነበር። ስለዚህ መታጠቢያ ቤቶቹን በርካሽ ጥቁርና ነጭ ሰቅል አስጌጠቻቸው፤ ያ ከድህነት የመጣ የቼዝ ሰሌዳ መሰል ግድግዳ ዝናዋ ሆነ። በበሩ ላይ የሆቴሉ ስም እንኳ አልተጻፈም። የሚያውቅ ያውቀዋል እንደ ማለት ነው። በ1988 ደግሞ ሽሬገርና ሩቤል ሮያልተን የተባለውን ለፈረንሳዊው ፊሊፕ ስታርክ ሰጡ፤ የመቀበያው አዳራሽም ሰው የሚታይበትና የሚተያይበት መድረክ ሆነ።

እዚህ ላይ የሁለቱን ዘመን ልዩነት እናስተውል። ያኮብሰን ወንበሩን ያበጀው ብቸኛው እንግዳ ከሰው ዓይን እንዲጋረድ ነበር። ኒው ዮርኮች አዳራሹን ያበጁት እንግዳው እንዲታይ ነው። የመጀመሪያው ንድፍ ደክሞ የመጣውን ሰው ያስባል፤ ሁለተኛው ንድፍ ማን ከማን ጋር እንደ መጣ ያያል። ሁለቱንም «ዲዛይን» ብለን በአንድ ስም ብንጠራቸውም፣ የሚያገለግሉት የተለያየ የሰው ፍላጎት ነው። ከዚያ ወዲህ የተከፈቱት ብዙዎቹ ቡቲክ ሆቴሎች የኒው ዮርክን መንገድ ተከትለዋል። ታላላቆቹ ኩባንያዎችም ዝም ብለው አላዩም፤ ስታርውድ በ1998 ደብልዩ የሚባለውን ስም አወጣ፤ ማሪዮትም ራሱን ሽሬገርን አስጠርቶ ኤዲሽን የተባሉትን ሆቴሎች ከእሱ ጋር ጀመረ። እንደ ሰፊው የመደብር አዳራሽ አይደለንም ብሎ የተነሣው ቡቲክ፣ ተመልሶ ከመደብሩ መደርደሪያዎች አንዱ ሆነ። ሞርጋንስ ራሱ በ2017 ተዘጋ። ከእሱ ግን 606 አልቀረችም።

ሆቴልና ኮሌጅ

የሆቴሉ ዕጣ የያኮብሰን የግል ዕድል ነው እንዳንል የሚያደርገን ሌላ ምስክር አለ። ያው ሰው፣ ያንኑ ልማዱን ይዞ፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የቅድስት ካትሪንን ኮሌጅ ነደፈ። በስድሳዎቹ መጀመሪያ ተሠርቶ ያለቀው ይህ ኮሌጅም ከሕንፃው እስከ ወንበሩ፣ ከአትክልቱ እስከ ማንኪያው በአንድ እጅ የተሠራ ነው። በመምህራኑ የምግብ ገበታ ዙሪያ የሚደረደሩት ባለረጅም ጀርባ ወንበሮች የተነደፉት ለዚያ አዳራሽ ነው። እንግሊዞች በ1993 ኮሌጁን በቅርስነት የመጨረሻው በሆነው ደረጃ መዘገቡት። ሥራው በአመዛኙ እንደ ጥንቱ ቆይቷል።

አንድ ሰው፣ አንድ ዘመን፣ አንድ አሠራር፤ ዕጣው ግን ሁለት። ለምን? በኮሌጁ የሚኖሩ ሰዎች ስለሚቆዩ ነው። ተማሪው ሦስት ዓመት፣ መምህሩ ሠላሳ ዓመት ይቀመጣል። ወንበሩ የእሱ ወንበር ይሆናል። ሊያነሡበት ሲመጡ የሚጠይቅ ሰው አለ። ሆቴሉ ግን ጠያቂ የለውም። ዕቃን የሚጠብቀው ውበቱ ሳይሆን የሚቀመጥበት ሰው ቆይታ ነው ማለት ነው። ጠያቂ በሌለበት ቤት ዕቃው የሚተርፈው፣ ከአስተዳዳሪዎቹ አንዱ «ይህችን ተዉአት» ያለ እንደ ሆነ ብቻ ነው። የክፍል 606 ምስጢርም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ወደ ራሳችን ደጅ

ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ቢመስልም፣ ዘመኑ የእኛም ዘመን ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 ሲቋቋም ረዳት ሆኖ የሠራው የአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ነው፤ ያው ቲ.ደብልዩ.ኤ. በ1967 ሂልተን ኢንተርናሽናልን ገዛ፤ የአዲስ አበባው ሂልተንም በ1969 ተከፈተ። የመዋኛ ገንዳውን ቅርጽ ያየ ሰው የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ያስታውሳል። አየር መንገድና ሆቴል እጅ ለእጅ ተያይዘው የሄዱበት ያ ዘመን እኛንም ነክቶናል ማለት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ራሱም በ2019 ስካይላይት የተባለውን ሆቴል ከቦሌ አጠገብ ከፍቷል።

ሙሉ ንድፍም ቢሆን ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። የኮፐንሃገኑ ሆቴል በተከፈተ በዓመቱ፣ በፌብሩዋሪ 1961፣ የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ሕንፃውን ብቻ አይደለም የነደፈው፤ የዕቃው ንድፍም የእሱ ነው። የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕል ከዚያው ጋር ተዋሕዶ፣ በ1963 የአፍሪካ መሪዎች የአንድነታቸውን ድርጅት ያቋቋሙት በእነዚያ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ነው። አዳራሹ ለዓመታት የፈጀ እድሳት ተደርጎለት በኦክቶበር 2024 ዳግም ሲከፈት፣ የጥንቱ ዕቃም አብሮ ታድሷል። አዳራሽ ነውና፣ ታሪክ የተፈረመበት ነውና፣ ጠያቂ ነበረው።

ሆቴሎቻችን ግን እንደ ኮፐንሃገኑ ናቸው። «ቅርስ» ሲባል ዓይናችን የሚያርፈው ግድግዳው፣ ሰገነቱና ጣሪያው ላይ ነው። የሕንፃው ፊት እስከ ቆመ ድረስ ታሪኩ አለ እንላለን። በውስጡ ግን በስድሳዎቹ የተሠራ የእንግዳ መቀበያ ባንኮኒ፣ በጊዜው አናጢ እጅ የተጠረበ የአልጋ ራስጌ፣ የክፍሉ ቁጥር የተቀረጸበት የነሐስ ቁልፍ ማንጠልጠያ ይኖራል። እድሳት ሲመጣ መጀመሪያ የሚወጡት እነዚህ ናቸው። ባለ ሆቴሉን መውቀስ አይቻልም፤ ያረጀ ፍራሽ ላይ የሚተኛ እንግዳ የለም፤ ገበያውም አይጠብቅም። ሁሉ ይቆይ ማለት ቤቱ ይዘጋ ማለት ነው።

የኮፐንሃገን ትምህርት ግን ሁሉ ይቆይ አይደለም፤ አንድ ይቆይ ነው። ከ275 ክፍሎች አንዲቷ ከመቶ ግማሽ እጅ እንኳ አትሞላም። ለእሷ የሚታጣው ኪራይ የአንዲት ክፍል ኪራይ ነው፤ እሱም ቢሆን ቆይቶ ይመለሳል፤ የዛሬው መንገደኛ የጥንቱን ክፍል ለማየት፣ ብሎም ለማደር የሚከፍል ሆኗልና። ጥበቡ ያለው ክፍሏን በሙሉ በመተው ላይ ነው። ወንበሩን ለብቻ ወስዶ በመስተዋት ሣጥን ማኖር አይበቃም። ወንበሩ መስኮቱን ሲያይ፣ መብራቱ አልጋውን ሲያበራ፣ ቀለሙ ከመጋረጃው ጋር ሲነጋገር ነው የዘመኑ ሰው ስለ እንግዳው ምን ያስብ እንደ ነበር የሚታወቀው።

ዛሬ የያኮብሰን እንቁላል በየአገሩ ይሸጣል፤ በየአውሮፕላን ማረፊያው፣ በየቢሮው፣ በየፊልሙ ይታያል። ሹካና ማንኪያው እንኳ በ1968ቱ «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» በተባለው የስታንሊ ኩብሪክ ፊልም የጠፈርተኞች መመገቢያ ሆኖ ወጥቷል። ዕቃዎቹ ዓለምን ዞሩ፤ ቤታቸው ግን ፈረሰ። አንድ ሰው ተቀምጦ፣ ደክሞት ስለሚመጣ የማያውቀው መንገደኛ፣ ከደረጃው እስከ ማንኪያው ድረስ አስቦ እንደ ነበር የምትመሰክረው ያቺው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ክፍል ናት። በአዲስ አበባም አንዱ ባለ ሆቴል አሮጌውን ዕቃ ለማውጣት መኪና ሲያስቆም፣ ከክፍሎቹ አንዷን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ቢከት፣ የሠራው የአንድ ሙዚየም ያህል ነው።